«መፍትሔው ተገኝቷል»፦ የኦፕቲማይዜሽን ፕሮግራሞችና የመመሪያዎቻቸው ታሪክ

ኦፕቲማይዜሽን አንድ ሒሳባዊ መግለጫ ትንሹን ወይም ትልቁን ዋጋ የሚይዝበትን ነጥብ የመፈለግ ሥራ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ፣ የጭነት መኪኖች ስምሪት፣ የብክለትና የሞት ግንኙነት ግምት፣ የምንዛሪ ገበያ ስጋት ስሌት ሁሉም በመጨረሻ ወደዚህ ጥያቄ ይመጣሉ። በወረቀትና በእርሳስ የሚፈታው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ሥራው ከ1940ዎቹ መጨረሻና ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለኮምፒውተር ተሰጠ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮግራሙ ከአንድ መነሻ ግምት ይነሳል፤ በየዙሩ ወደተሻለ ነጥብ እየተራመደ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል። እዚያ የቆመው ለምን እንደሆነና መልሱ ምን ያህል እንደሚታመን ለተጠቃሚው የሚነግረው አብሮት የሚመጣው መመሪያ ነው።

መመሪያው በአብዛኛው የሚገልጸው የሒሳብ ዘዴውን ነው። ፕሮግራሙ የሚሠራው ግን የተወሰነ አሃዝ ብቻ በሚይዙ ቁጥሮች፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ አንድ ሰው በመረጣቸው የማቆሚያ ወሰኖች ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሙያው ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ልዩነቱ አንዳንዴ የለየለት የኮድ ስህተት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ነገሩን በትክክል የማይገልጽ ስም ነው። ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደረሱት ግን መመሪያው ውስጥ በግልጽ ተጽፈው ማንም ልብ ያላላቸው ነባሪ ቁጥሮች፣ ማለትም ተጠቃሚው ካልቀየራቸው ፕሮግራሙ የሚሠራባቸው ቁጥሮች ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መመሪያ የሚባል ነገር ራሱን ችሎ አልነበረም። ዊልያም ዴቪደን በአሜሪካ አርጎን ናሽናል ላቦራቶሪ ሳለ በ1959 የጻፈው ዘገባ ግራዲየንትን (የፋንክሽኑን ቁልቁለት) ብቻ በመጠቀም የመሬቱን ኩርባ እየተማሩ የመውረድን ዘዴ አቀረበ። ዘገባው በሳይንሳዊ መጽሔት የታተመው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1991 ነው። እስከዚያው ድረስ ሮጀር ፍሌቸርና ማይክል ፓውል በ1963 ዘዴውን አሻሽለውና ተንትነው አሳትመውት፣ በየላቦራቶሪው እየተገለበጠ ዓለምን ዞሮ ነበር። የደረሰው ሰው እጅ የገባው የካርድ ጥቅልና ጥቂት ገጽ ማስታወሻ ነው። ዘዴው በጽሑፉ ላይ እንደተገለጸው በካርዱ ላይ መኖሩን ማረጋገጥ የተቀባዩ ፈንታ ነበር።

ይህን ክፍተት በአደባባይ ለመሙላት የመጀመሪያውን ጥሩ ሙከራ ያደረገው የአሜሪካ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ነው። መጽሔቱ በየካቲት 1960 የአልጎሪዝሞች ዓምድ ከፈተ። ፕሮግራሞቹ በአልጎል ቋንቋ ተጽፈው በተራ ቁጥር ይታተማሉ፤ ከዚያ ሌላ ሰው፣ በሌላ ማሽን፣ ኮዱን አስገብቶ ይሞክርና ውጤቱን «ማረጋገጫ» በሚል ርእስ ለዚያው ዓምድ ይልካል። የሠራው እንደሠራ፣ ያልሠራው ደግሞ ስህተቱ የት መስመር ላይ እንዳለ ይታተማል። ለምሳሌ ሁክና ጂቭስ በ1961 ያቀረቡት፣ ግራዲየንት የማይፈልገው የቀጥታ ፍለጋ ዘዴ በ1963 አልጎሪዝም 178 ሆኖ ወጣ። በ1966ም በ1969ም በዚያው ኮድ ላይ አዳዲስ አስተያየቶች ታተሙ። ሁለት ገጽ የማይሞላ ፕሮግራም ስድስት ዓመት ሙሉ ሲታረም መኖሩ ለዘመኑ ሰዎች የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። እንዲያውም የኋላው ዘመን መልሶ ለመያዝ ብዙ የደከመበት ልማድ ይህ ነው፤ ጸሐፊው ራሱ ስለ ሥራው የሚሰጠው ምስክርነት አይበቃም የሚለው።

ኮዱ አንዳች ስህተት ሳይኖርበት መልሱ ሊሳሳት እንደሚችል በደንብ የታየው በ1967 ነው። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ይሠራ የነበረው ጄምስ ሎንግሊ ከ1947 እስከ 1962 ያለውን የሀገሪቱን የሥራ ቅጥር መረጃ ወሰደ፤ 16 ረድፍና 6 ገላጭ ተለዋዋጮች ብቻ ያለው ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። መልሱን በእጅ በጥንቃቄ አሰላ፤ ከዚያም ያንኑ ሠንጠረዥ በጊዜው በሥራ ላይ ለነበሩ የተለያዩ ፕሮግራሞች ሰጠ። ሁሉም በመመሪያቸው የሚሉት አንድ ነው፦ የስህተቶቹን ካሬ ድምር ትንሹ የሚያደርጉትን ቁጥሮች እንሰጣለን። ውጤታቸው ግን እርስ በርሱ አይገናኝም፤ የመጀመሪያው አሃዝ ላይ እንኳ የማይስማሙ ነበሩ። ተለዋዋጮቹ አብረው የሚያድጉ፣ እርስ በርስ እጅግ የሚመሳሰሉ ስለሆኑ የቁጥር ማጠጋጋቱ በየደረጃው እየተባዛ መልሱን በላው። ዘዴው ትክክል፣ መመሪያው ትክክል፣ መልሱ ስህተት። የሎንግሊ ሠንጠረዥ ዛሬም ድረስ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች መፈተኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ዓመት የትልልቅ የፕሮግራም ስብስቦች ዘመን ነው። በእንግሊዝ የሃርዌል ስብስብ ከ1963 ጀምሮ ነበር። በ1970 እዚያው እንግሊዝ ኤንኤጂ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አይኤምኤስኤል ተመሠረቱ። በዚያው ጊዜ አካባቢ በአርጎን፣ በቴክሳስና በስታንፎርድ የተባበሩ ሰዎች ሶፍትዌር የመፈተን አገር አቀፍ ፕሮጀክት ጀመሩ። አይስፓክ የተባለው ስብስብ ከመሰራጨቱ በፊት በተለያዩ ማሽኖችና ቦታዎች እንዲሞከር፣ ስህተት ሲገኝም አዘጋጆቹ እንዲያርሙ ቃል ተገባ። መመሪያ ከማስታወሻነት ወደ ውልነት የተሸጋገረው እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስ፣ ሲያቅተው ምን እንደሚል በጽሑፍ የሚያስር ሰነድ ሆነ።

የዚህ ትውልድ ምርጥ ናሙና በኦፕቲማይዜሽን ዘርፍ ሚንፓክ ነው። ሆርሄ ሞሬ፣ በርተን ጋርቦና ኬኔት ሂልስትሮም በአርጎን አዘጋጅተው መመሪያውን በ1980 አወጡ። በቀጣዩ ዓመት ሦስቱ 35 የፈተና ፋንክሽኖችን አሳተሙ። ፕሮግራሙን ከተለመደው መነሻ ብቻ ሳይሆን አሥር እጥፍና መቶ እጥፍ ርቆ ካለ መነሻም እንዲሞክሩት መከሩ፤ ብዙ ዘዴ ጥሩ መስሎ የሚታየው ከመፍትሔው አጠገብ ሲጀመር ብቻ እንደሆነ ያውቁ ነበርና።

የሚንፓክን መመሪያ አስደናቂ የሚያደርገው ሐቀኝነቱ ነው። የስህተቶችን ካሬ ድምር የሚያሳንሰው ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ ከ0 እስከ 8 ያለ ቁጥር ይመልሳል። 1 ማለት የካሬዎቹ ድምር ቅናሽ ከተሰጠው ወሰን በታች ሆነ፣ 2 ማለት በተከታታይ ነጥቦች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ሆነ፣ 3 ሁለቱም፣ 4 ደግሞ የስህተቶቹ ረድፍ ከያኮቢያን ማትሪክሱ (የዴሪቬቲቮቹ ሠንጠረዥ) ዓምዶች ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሊሠራ ተቃረበ ማለት ነው። መመሪያው ይህን ከዘረዘረ በኋላ አንድ ማሳሰቢያ ይጨምራል፦ ፋንክሽኑና ዴሪቬቲቩ ካልተጣጣሙ ወይም ፋንክሽኑ ለስላሳ ካልሆነ ፕሮግራሙ ሳይደርስ ደርሻለሁ ሊል ይችላል፤ መልሱን ለማጣራት ወሰኑን አጥብቆ እንደገና ማስኬድ ያሻል።

ሚንፓክ እንደ ሞተር ብዙ አካል ውስጥ ተገጠመ። በ2001 ትራቪስ ኦሊፋንት፣ ፔሩ ፒተርሰንና ኤሪክ ጆንስ የጀመሩት ሳይፓይ የተባለው የፓይተን ስብስብ ይህንኑ የፎርትራን ኮድ ሸፍኖ ለአዲስ ትውልድ አቀረበው። በሽፋኑ መመሪያ ላይ ያለው አገላለጽ ግን አጠረ፦ የተመለሰው ቁጥር 1፣ 2፣ 3 ወይም 4 ከሆነ መፍትሔው ተገኝቷል፣ ካልሆነ አልተገኘም። ማሳሰቢያው ሚንፓክ ዘንድ ቀረ። በኮዱ ላይ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ተጠቃሚው የሚያነበው ነገር ነው።

ማሳሰቢያው የሚያስፈልግበትን ሁኔታ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ተጠቃሚው ዴሪቬቲቩን ካልሰጠ ፕሮግራሙ ራሱ እያንዳንዱን ተለዋዋጭ በጥቂቱ እየነቀነቀ የፋንክሽኑን ለውጥ ይለካል። የሚነቀንቅበት መጠን በ64 ቢት ቁጥር የማሽኑ ጥራት ካሬ ሥር ነው፤ ከተለዋዋጩ ዋጋ 0.000000015 እጥፍ ያህል። ተጠቃሚው ፋንክሽኑን ውስጥ ውስጡን በ32 ቢት ቁጥር የሚያሰላ ከሆነ ግን 32 ቢት ከ0.0000001 በታች ያለን አንጻራዊ ልዩነት በቅጡ አይለይም። ንቅናቄው ይጠፋል፤ ለውጡ ዜሮ ይሆናል፤ ያኮቢያኑ በዜሮ ይሞላል። ዜሮ ቁልቁለት ደግሞ በሒሳቡ ደንብ የሸለቆ ወለል ምልክት ነው። ፕሮግራሙ የተሰጠውን መነሻ ግምት ሳይነካ መልሶ፣ 4 ቁጥርን አስይዞ ይወጣል፤ ሽፋኑም መፍትሔው ተገኝቷል ይላል። ይህን የሚቆጣጠረው መለኪያ መመሪያው ውስጥ አለ። ሆኖም የሚሰጠው ቁጥር የእርምጃው መጠን ሳይሆን የእርምጃው ካሬ ስለሆነ፣ ያስተካከሉ የመሰላቸው ብዙዎች የሚያስገቡት ከሚፈልጉት በእጅጉ ያነሰ ወይም የበለጠ ቁጥር ነው።

በመስመራዊ ፕሮግራሚንግ ዘርፍ ያለው ክፍተት መልኩ የተለየ ነው። ጆርጅ ዳንትዚግ በ1947 ያወጣው የሲምፕሌክስ ዘዴ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በክፍልፋይ ቁጥር የሚሠራ፣ ፍጹም ነገር ነው። ዘዴው አንዳንዴ በአንድ ቦታ እየተሽከረከረ ሊቀር እንደሚችል ሆፍማን በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ቢል በ1955 በምሳሌ አሳዩ፤ በ1977 ደግሞ ሮበርት ብላንድ ሽክርክሪቱን ፈጽሞ የሚከለክል ደንብ አወጣ። መጻሕፍቱ ደንቡን ያስተምራሉ። የንግድ ፕሮግራሞቹ ግን ቀርፋፋ ስለሆነ በአብዛኛው አይጠቀሙበትም፤ ይልቁንም ቁጥሮቹን ሆን ብለው በጥቂቱ ያናጉና መጨረሻ ላይ ይመልሷቸዋል። ስለዚህ በመጽሐፉ ያለው ሲምፕሌክስና በማሽኑ ያለው ሲምፕሌክስ የስም ዘመድ ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የገደብ ጉዳይ ነው። መጽሐፉ «ከ100 አይብለጥ» ሲል ከ100 አይበልጥም። ዋና ዋናዎቹ የንግድ ፈቺ ፕሮግራሞች ግን በነባሪ እስከ 0.000001 የሚደርስን ጥሰት እንደ ጥሰት አይቆጥሩም። ሙሉ ቁጥር መሆን ያለበትን ተለዋዋጭም ከሙሉ ቁጥር በ0.00001 ቢርቅ እንደ ሙሉ ቁጥር የሚቀበሉ አሉ። ይህ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ጉዳት የሚሆነው ሞዴሉን የሠራው ሰው ሳያውቀው ሲቀር ነው። መጋዘን መክፈት አለመክፈትን በ1 እና በ0 የሚወክል ሞዴል ይታሰብ። መጋዘኑ ካልተከፈተ ዕቃ እንዳይገባበት፣ የዕቃው ብዛት የመክፈቻው ተለዋዋጭ በ1,000,000 ሲባዛ ከሚገኘው አይበልጥም ተብሎ ይጻፋል። ተለዋዋጩ 0.00001 ከሆነ ፕሮግራሙ ዜሮ ነው ይላል፤ አንድ ሚሊዮን ጊዜ 0.00001 ግን 10 ነው። ስለዚህ ባልተከፈተ መጋዘን 10 ዕቃ ገባ፤ ወጪውም አልተከፈለም። ፈቺው ግን መልሱ ከሁሉ የተሻለው ነው ብሎ ያውጃል፤ በራሱ ደንብም አልዋሸም። በዚህ የተነሣ አዘጋጆቹ በመመሪያዎቻቸው ውስጥ በቁጥር ጥንቃቄ ላይ ብቻ የሚያተኩሩ ረጃጅም ምዕራፎችን ጨምረዋል፤ የሚነበቡት ግን ብዙውን ጊዜ ዕቃው ከጠፋ በኋላ ነው።

መመዘኛዎቹ ራሳቸውም ከዚህ ችግር አልራቁም። በ1985 የቤል ላቦራቶሪው ዴቪድ ጌይ ኔትሊብ በተባለው የጋራ ማከማቻ የመስመራዊ ፕሮግራሚንግ ችግሮችን ከነመልሶቻቸው አስቀመጠ። ዓለም ሁሉ ፕሮግራሙን የሚለካበት ሚዛን ሆነ። መልሶቹ የተገኙት ግን ማይኖስ በተባለ ፕሮግራም በቫክስ ኮምፒውተር ላይ በተለመደው የማሽን ስሌት ነው። በበርሊን የዙሰ ተቋም ባልደረባ ቶርስተን ኮኽ ችግሮቹን በክፍልፋይ ቁጥር፣ ያለምንም ማጠጋጋት አጣርቶ በ2004 ሲያሳትም ከተመዘገቡት መልሶች ጥቂቶቹ በትንሹ የተዛቡ ሆነው ተገኙ። ለረጅም ዓመታት ትክክለኞቹ ፕሮግራሞች ከተሳሳተ መልስ ጋር ሲመሳከሩ ኖረዋል።

ኤል-ቢኤፍጂኤስ-ቢ የተባለው ፕሮግራም ታሪክ ደግሞ ሁለት ዓይነት ክፍተትን በአንድ ቦታ ያሳያል። በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በሆርሄ ኖሴዳልና ባልደረቦቹ ተጽፎ በ1997 አልጎሪዝም 778 ሆኖ የታተመው ይህ ኮድ በሺህ የሚቆጠሩ ተለዋዋጮች ላሏቸውና ገደብ ላለባቸው ችግሮች ተመራጭ ሆነ። የማቆሚያ ደንቡ በመመሪያው ላይ በቀመር ተጽፏል፦ የፋንክሽኑ ቅናሽ ከሦስት ቁጥሮች በትልቁ ተካፍሎ ከወሰኑ በታች ሲሆን ይቆማል። ሦስቱ ቁጥሮች የቀድሞው ዋጋ፣ የአሁኑ ዋጋና 1 ናቸው። ሲጨርስ የሚያሳየው መልእክት አንጻራዊ ቅናሹ በቂ ትንሽ ሆኗል የሚል ነው። ነገር ግን ያቺ 1 በቀመሩ ውስጥ እያለች፣ የፋንክሽኑ ዋጋ ከ1 በታች ከሆነ ደንቡ አንጻራዊ መሆኑ ያበቃል። ሳይፓይ በነባሪ የሚሰጠው ወሰን ወደ 0.0000000022 ነው። የተጠቃሚው ፋንክሽን ዋጋ 0.000000001 ያህል ቢሆን፣ ለምሳሌ አንድ ኬሚስት የውህዱን ክምችት በትልቅ መለኪያ ስለጻፈ፣ የትኛውም ቅናሽ ከወሰኑ በታች ይሆናል። ፕሮግራሙ ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ደርሻለሁ ይላል። መድኃኒቱ ፋንክሽኑን በሚሊዮን ወይም በቢሊዮን ማባዛት ብቻ ነው። ቀመሩ በመመሪያው ውስጥ እንዳለ ነው፤ መልእክቱ ግን ሌላ ይላል፤ ሰው ደግሞ የሚያነበው መልእክቱን ነው።

ሁለተኛው ክፍተት እውነተኛ ስህተት ነበር። ወሰኑ የሚባዛው በማሽኑ የቁጥር ጥራት ነው፤ ኮዱም ይህን ጥራት በሙከራ የሚገምት ትንሽ ንዑስ ፕሮግራም ይዞ ነበር። እንዲህ ያሉ ግምቶች የተጻፉት ማሽኖች ሁሉ የየራሳቸው የቁጥር አያያዝ በነበራቸው ዘመን ነው፤ የ1985ቱ የቁጥር መስፈርት ከተስፋፋና ኮድ አቀናባሪዎቹ ስሌትን እንደፈለጉ ማደራጀት ከጀመሩ በኋላ ጥቅማቸው ቀንሶ አደጋቸው ጨመረ። ሆሴ ሉዊስ ሞራሌስና ኖሴዳል በ2011 ባሳተሙት አስተያየት ይህ ንዑስ ፕሮግራም ስህተት እንደሚያስከትል ገልጸው ቋንቋው ራሱ በሚሰጠው ቁጥር ተኩት፤ በዚያው የፍለጋውን አንድ ደረጃም አሻሻሉ። ከ1960ው ዓምድ ተወርሶ የመጣው የአስተያየት ልማድ ከ50 ዓመት በኋላም ሥራውን ሲሠራ ይታያል።

የተጠቃሚው ወገን የተደራጀ ፍተሻ የጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም መልሳቸው የተረጋገጠ የመረጃ ስብስቦችን አወጣ። ከእነዚህ ውስጥ 27ቱ መስመራዊ ያልሆኑ ናቸው፤ መልሶቻቸው በ128 ቢት ስሌት ተጣርተው እስከ 11 አሃዝ ተመዝግበዋል፤ ለእያንዳንዱም አንድ ሩቅና አንድ ቅርብ መነሻ ተሰጥቷል። ኢኮኖሚስቱ ብሩስ ማክለው በእነዚህ ብዙ የታወቁ ፕሮግራሞችን መዘነ። ከቤሪ ዊልሰን ጋር በ1999 ያሳተመው የኤክሴል 97 ጥናት፣ ሶልቨር የተባለው መሣሪያ አንድም ትክክለኛ አሃዝ በሌለው መልስ ላይ ቆሞ መፍትሔ ማግኘቱን እንደሚገልጽ አሳየ። በዚያው ዓመት ከቻርለስ ሬንፍሮ ጋር የገበያ መዋዠቅን የሚገምቱ የጋርች ፕሮግራሞችን መረመረ። ሁሉም በመመሪያቸው አንድ ሞዴል እንገምታለን ይላሉ፤ በ1,974 የማርክና የፓውንድ ዕለታዊ ምንዛሪ መረጃ ላይ ግን የተለያየ መልስ ሰጡ። ሞዴሉ ከመጀመሪያው ቀን በፊት የነበረውን መዋዠቅ ከአንድ ቦታ ማምጣት አለበት፤ ከየት እንደሚያመጣው ግን ጥቂት መመሪያ ብቻ ነበር የሚናገረው። ብሩክስና ሁለት ባልደረቦቹ በ2001 ዘጠኝ ፕሮግራሞችን መዝነው ተመሳሳይ ልዩነት አገኙ።

ማክለው በ2003 ከኤች. ዲ. ቪኖድ ጋር በአሜሪካ ኢኮኖሚ መጽሔት አራት ማጣሪያዎችን አቀረበ፦ ግራዲየንቱ በእርግጥ ዜሮ መሆኑን ማየት፣ የዙሮቹን አካሄድ መመርመር፣ የኩርባውን ማትሪክስ መፈተሽ፣ በመፍትሔው ዙሪያ ያለውን የፋንክሽን ቅርጽ መሳል። በምሳሌነት የወሰዱት ጥናት ላይ ክርክር ተነሥቶ በቀጣዩ ዓመት መልስና ምላሽ ታተመ፤ ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ተለዋዋጮቹ የተጻፉበት መለኪያ ነበር። ማጣሪያዎቹ ግን እስከዛሬ ጥሩ ናቸው።

ይህ ሁሉ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር፤ በ2002 ግን ነገሩ የሕዝብ ጤና ፖሊሲ ላይ ደረሰ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ትልቅ ጥናት በ90 የአሜሪካ ከተሞች የአየር ብናኝና የዕለት ሞት ያላቸውን ግንኙነት ይገምት ነበር። ለግምቱ ያገለገለው ኤስ-ፕላስ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ጋም የተሰኘ ፋንክሽን ነው። ፋንክሽኑ የወቅትን፣ የሙቀትንና የብክለትን ድርሻ በየተራ እያስተካከለ ለውጡ ከወሰኑ በታች እስኪወርድ ይዞራል። ነባሪ ወሰኑ 0.001 ነበር፤ የዙሩ ብዛትም ከ10 እንዳይበልጥ ተገድቧል። ቁጥሮቹ የተመረጡት ኮምፒውተር ውድና ቀርፋፋ በነበረበት ጊዜ፣ ተፅዕኖው ጎላ ብሎ ለሚታይ መረጃ ነው። የብናኝ ተፅዕኖ ግን ከመቶ አንድ የማይሞላ ነው፤ ከወቅትና ከሙቀት ጋርም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ ዘዴው በዝግታ ስለሚጓዝ የየዙሩ ለውጥ ከ0.001 በታች ይወርዳል፤ መድረሻው ግን ገና ሩቅ ነው።

ፍራንቼስካ ዶሚኒቺና ባልደረቦቿ ወሰኑን አጥብቀው ሲያሰሉት፣ በየ10 ማይክሮግራም ብናኝ በሞት ላይ የሚታየው ጭማሪ ከ0.41 በመቶ ወደ 0.27 በመቶ ወረደ። በሌላ የግምት ዘዴ ደግሞ 0.21 በመቶ ሆነ። ግንኙነቱ አልጠፋም፤ መጠኑ ግን ግማሽ ያህል ቀነሰ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጊዜው የብናኝ ደንቡን ሳይንሳዊ መሠረት እየከለሰ ስለነበር በዚሁ ፋንክሽን የተሠሩ ሌሎች ብዙ ጥናቶችም እንደገና እንዲሰሉ ተደረገ፤ ውጤታቸውም በ2003 በልዩ ዘገባ ወጣ። በካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ የፋንክሽኑ የስህተት ግምት ከሚገባው በታች መሆኑን አሳዩ። ከሁሉ የሚገርመው ኮዱ ውስጥ ለመጀመሪያው ችግር የሚጠቀስ ስህተት አለመኖሩ ነው። 0.001 በመመሪያው ላይ ተጽፏል። በዓለም ላይ ካሉት የተካኑ ስታቲስቲሺያኖች ብዙዎቹ ለዓመታት አልፈውታል፤ ማለፋቸውም የሚያስወቅስ ሳይሆን ነባሪ ቁጥር የሚሠራው እንዲህ ስለሆነ ነው።

በመለኪያዎቹ ስም ምክንያት የሚፈጠረው ስህተት ያን ያህል ዝና የለውም፤ የዕለት ተዕለት ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ጆን ኔልደርና ሮጀር ሚድ በእንግሊዝ የአትክልት ምርምር ጣቢያ ሳሉ በ1965 ያወጡት የሲምፕሌክስ ፍለጋ (ከዳንትዚጉ ጋር ስም እንጂ ሌላ አይጋራም) እስከ ዛሬ እጅግ ተወዳጅ ነው። በሳይፓይ ውስጥ ሁለቱ የማቆሚያ መለኪያዎቹ ለረጅም ጊዜ በሌሎቹ ዘዴዎች አንጻራዊ ወሰንን በሚጠቁም ስም ይጠሩ ነበር፤ ኮዱ የሚያወዳድረው ግን ፍጹም ልዩነትን ነው። በኋላ ስማቸው ፍጹም መሆናቸውን እንዲያሳይ ተለወጠ። ሌላው የመነሻ እርምጃ ነው። በማትላብም በሳይፓይም ዘዴው እያንዳንዱን ተለዋዋጭ በ5 በመቶ ያነቃንቃል፤ መነሻው ዜሮ ከሆነ ግን 0.00025 ብቻ ይጨምራል። «አላውቅም» ለማለት ዜሮ የጻፈ ሰው በዚያ አቅጣጫ ፍለጋውን በእግር ብረት አስጀመረው ማለት ነው። የዘዴው ዋስትናም ቢሆን ጠባብ ነው፤ ኬን ማኪነን በ1998 ሁለት ተለዋዋጭ ብቻ ባለው ለስላሳ ፋንክሽን ላይ ዝቅተኛ ባልሆነ ነጥብ ተሰብስቦ እንደሚቀር አሳይቷል።

ከጥንቱ ኮድ ውስጥ ለውጥ የሚያስፈልገውም አለ። ማይክል ፓውል ዴሪቬቲቭ የማይፈልጉ ዘዴዎችን፣ ኮቢላን በ1994፣ ኒውኦዋን በ2006፣ ቦቢካን በ2009 ትቶ በ2015 አረፈ። ሥራዎቹ በፎርትራን 77፣ መዝለያ ትእዛዝ በበዛበት አጻጻፍ የተሠሩ ስለነበሩ ብዙው ሰው ከውስጥ ሊያያቸው አልደፈረም። በወቅቱ በሆንግ ኮንግ ይሠራ የነበረው ዛይኩን ዣንግ ፕሪማ በተባለው ፕሮጀክት ዳግም ሲጽፋቸው፣ የቀድሞዎቹ አንዳንዴ ማብቂያ በሌለው ዙር እንደሚገቡ ወይም እንደሚሰናከሉ አረጋገጠ። ሳይፓይም የቀድሞውን ኮቢላ በዚህ ተክቷል።

በማሽን ለርኒንግ ዘመን ታሪኩ በፍጥነት ተደገመ። ዲዴሪክ ኪንግማና ጂሚ ባ በ2014 ያቀረቡት አዳም በጥቂት ዓመት ውስጥ የነርቭ መረቦች ማሠልጠኛ ዋና ዘዴ ሆነ። በ2018 ሬዲ፣ ካሌና ኩማር በጽሑፉ ውስጥ ያለው የመድረስ ማረጋገጫ ጉድለት እንዳለበትና ዘዴው የማይደርስበት ቀላል ምሳሌ እንዳለ አሳዩ። በኮዱ በኩል ደግሞ ኢሊያ ሎሽቺሎቭና ፍራንክ ሁተር በ2017 እንደጻፉት፣ ታላላቆቹ ስብስቦች «የክብደት ቅነሳ» ብለው የሚጠሩት መለኪያ በአዳም ውስጥ የሚሠራው ሌላ ነገር ነው፤ ቅጣቱ በግራዲየንቱ ላይ ተደምሮ ከግራዲየንቱ ጋር አብሮ ይመጠናል፤ ስለዚህ ክብደቶቹ እኩል አይቀንሱም። ስሙ የሚለውን የሚያደርገው አዳምደብልዩ ከዚያ ወጣ። በአዳም ቀመር ውስጥ በክፍልፋዩ ሥር ያለችው ትንሽ ቁጥር እንኳ በነባሪ በፓይቶርች 0.00000001፣ በቴንሰርፍሎው 0.0000001 ናት፤ የቴንሰርፍሎው መመሪያ ራሱ ነባሪው ለሁሉም ጥሩ እንዳልሆነ ጠቅሶ ለአንዳንድ መረቦች 1 ወይም 0.1 ይመክራል። ፓይቶርች ደግሞ የሞመንተም ቀመሩ ሱትስኬቨርና ባልደረቦቹ ካሳተሙት እንደሚለይ በማስታወሻ አስፍሯል። ልዩነቱ የሚታየው የመማሪያ ፍጥነቱ በመሐል ሲለወጥ ነው።

ዛሬ ትልልቆቹ የክፍት ምንጭ ስብስቦች በመመሪያቸው ውስጥ ያሉትን ምሳሌዎች ኮዱ በተለወጠ ቁጥር በራስ ሰር ያስኬዳሉ፤ ምሳሌው የሚለውን መልስ ካልሰጠ ለውጡ አያልፍም። ስለ ማቆሚያ ወሰን፣ ስለ መለኪያ ስምና ስለ ነባሪ ቁጥር የተጻፉት ዓረፍተ ነገሮች ግን በዚህ ፈተና ውስጥ አይገቡም፤ የሚታረሙት አሁንም ሰው አንብቦ፣ ከኮዱ ጋር አስተያይቶ ሲያመለክት ብቻ ነው።